ሦስት ሳምንት ለቁስሉ፣ ሁለት ዓመት ለፍርዱ

የአፍ ካንሰር ሳይታወቅ ቢዘገይ አማኝ በሕግ ሊጠይቅ ይገባዋልን?

አብዛኞቻችን የሰቆጣን ስም የምናውቀው ከምግብ ጋር ተያይዞ ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። በድርቅ ስትፈተን የኖረችው የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ የሕፃናት አፍ ምግብ እንዳያጣ የሚሟገት ስም ሆነች። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ወደ አፍ ስለሚገባው ነገር ሳይሆን በአፍ ውስጥ ስለሚበቅል ክፉ በሽታ ነው። የአፍ ካንሰር ይባላል፤ አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉታል።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ ይህ በሽታ ከብዙዎቹ ካንሰሮች የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለ። በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ እንደሚበቅለው አይደበቅም። አፍ ተከፍቶ በባትሪ ብርሃን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ታዲያ ሊታይ የሚችል በሽታ ሳይታይ ቢቀርስ? ታማሚው ሦስትና አራት ጊዜ ተመላልሶ «ተራ ቁስል ነው፣ ይድናል» ሲባል ከርሞ በመጨረሻ ካንሰር ቢሆን፣ ተጠያቂው ማን ነው? ክርስቲያን ቤተሰብስ ምን ያድርግ? ነገሩን ለጌታ ትቶ ዝም ይበል ወይስ በሕግ ይጠይቅ? ይህ ጽሑፍ በተለይ ለባለትዳሮች የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም በሽታውን ቀድሞ የሚያየውም፣ ኋላ ፍርድ ቤት የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ የትዳር ጓደኛ ነው።

«ምች ነው» ብላችሁ አትለፉት

በአገራችን ከንፈር ወይም አፍ ሲቆስል የመጀመሪያው ቃላችን «ምች መታኝ» ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል፣ አብዛኛውም በሳምንት ውስጥ ይድናል። ክፋቱ ያልዳነውም በዚያው ስም መጠራቱ ነው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለማያም ይናቃል። ሲያም ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ልብ ልትሏቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በምላስ ጎን፣ ከምላስ ሥር፣ በድድ፣ በጉንጭ ውስጥ ወይም በከንፈር ላይ ወጥቶ አልድን ያለ ቁስል፤ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር፤ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አልሽር ያለ ድድ፤ የከንፈር ወይም የምላስ መደንዘዝ፤ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፤ በአንገት ላይ የወጣና የማይጠፋ እብጠት። ከእነዚህ አንዱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ መመርመር አለበት። ይህን የጊዜ ልክ እኛ አላወጣነውም። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች የሚመሩበት መመሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ የአፍ ቁስል ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ታማሚው በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት እንዲላክ ያዛል።

ለበሽታው በዋናነት የሚያጋልጡት ትንባሆና የአልኮል መጠጥ ናቸው። ትንባሆ ስንል የሚጨሰውን ብቻ ሳይሆን በአፍ የሚያዘውንም ይጨምራል። ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ነገር ግን ሲጋራ በእጁ ያልነካ፣ አረቄ ያልቀመሰ ሰውም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ «እኔ አማኝ ነኝ፣ አላጨስም፣ አልጠጣም» ማለት ከምርመራ አያስቀርም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ188 ሺህ በላይ ሰዎችም በዚሁ እንደሞቱ ገምቷል።

በሽታው ገና ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ሲገኝና ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ በኋላ ሲገኝ ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ ቀድሞ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ወደ 40 ገደማ ብቻ ናቸው። ያውም ሕክምናው በቅርብ ባለበት አገር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል።

በነገራችን ላይ አይቶ፣ ቀጥሮ፣ ደግሞ የማየት ሥርዓት አዲስ ነገር አይደለም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የወጣውን ነገር አይቶ ካልለየለት ወዲያው አይፈርድም፤ ዝም ብሎም አያሰናብትም። ሰባት ቀን ቆይቶ ደግሞ ያያል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድን ቁስል ተከታትሎ ማየትና መለየት በሕጉ የታዘዘ ኃላፊነት ነበር።

የዘገየው የት ነው?

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከክልሉ ዋና ከተማ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የተከዜን ሸለቆ ይዘው ከሚገኙት ከዝቋላ፣ ከሳህላና ከአበርገሌ ቆላ ወይም ከደሃና ገደላገደል የሚነሣ ታማሚ ሰቆጣ ለመድረስ ራሱ ብዙ ይደክማል። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ከቁስሉ ላይ ቁራጭ ናሙና ተወስዶ «ካንሰር ነው፣ አይደለም» ብሎ የሚለየው ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ወደ ትላልቆቹ ሆስፒታሎች መላክን ይጠይቃል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል፤ ሕዝቡም ተፈናቅሏል።

እንግዲህ አንድ በሽታ ዘግይቶ ሲገኝ፣ መዘግየቱ ከአራት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከቤት ነው፤ ባል የሚስቱን ፊት ያያል እንጂ አፏን አያይም፤ ሚስትም የባሏን ምግብ መተው በጾም ወይም በኩርፊያ ትተረጉማለች። ሁለተኛው ከእምነት ቦታ ነው፤ ጎረቤታችን ጸበል ሲመላለስ፣ እኛ ደግሞ ከጸሎት ፕሮግራም ወደ ጸሎት ፕሮግራም ስንዞር ወራት ያልፋሉ። ሦስተኛው ከመንገዱና ከኪሳችን ነው። አራተኛው ከሕክምና ባለሙያው ነው።

ሕግ የሚጠይቀው አራተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ክስ ከማሰባችን በፊት በእግዚአብሔር ፊት ቆመን የቱ መዘግየት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባናል። የራሳችንን ሦስት ወር በሐኪሙ ላይ መጨመር በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ሰው «በእኛ አገር ሐኪም አይከሰስም» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ባለመጠንቀቅ ወይም የሥራ ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ በሚያሳይ ቸልተኝነት ከሙያው ደንብ ከወጣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ይኸው ሕግ ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ በታካሚና በሐኪም መካከል ስላለው ውል ይናገራል፤ በአንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ ራሱ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በፈጸሙት ጥፋት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጎጂው ከመንግሥት ካሣ የሚጠይቅበት መንገድም በአንቀጽ 2126 አለ። ጥፋቱ ከባድ ሲሆን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይመጣል። አንቀጽ 559 በቸልተኝነት ስለሚደርስ የአካል ጉዳት፣ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ይናገራል። ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት እንደ ሐኪም ያለ ሰው በቸልተኝነት ሞት ካስከተለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ነገር ግን ማንኛውም ስሕተት ጥፋት አይደለም። ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ የሙያ ጥፋት መኖሩን፣ ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱም የመጣው በዚያ ጥፋት ምክንያት መሆኑን። ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ።

በምላሱ ጎን ቁስል የወጣበት አንድ የደሃና ገበሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። የአፍ ማጠቢያና አንቲባዮቲክ ተሰጠው። በአራተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ ያው መድኃኒት ተደገመለት። በሦስተኛው ወር ደግሞ መጣ፤ አሁንም ያው። በካርዱ ላይ ሦስት ጊዜ «የአፍ ቁስል» ተብሎ ተጽፏል፤ ሪፈር ግን አልተባለም። በስድስተኛው ወር አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ፤ ቤተሰቡ በራሱ ገንዘብ ጎንደር ወሰደውና ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ አብዛኛው የአፍ ቁስል በእርግጥ ተራ ቁስል ነውና። የናሙና ምርመራ ባለመኖሩም አይደለም፤ ጤና ጣቢያው የሌለውን መሣሪያ ከየት ያመጣል? ጥያቄው የሚነሣው ቁስሉ እንዳልዳነ እየታየ፣ እየተጻፈም፣ የሪፈር ወረቀት ሳይጻፍ መቅረቱ ላይ ነው። የገጠር ባለሙያ ማሽን ባይኖረውም ብዕር አለው።

አሁን ታሪኩን በትንሹ እንለውጠው። በሁለተኛው ቀጠሮ ባለሙያው ሪፈር ጽፎ «ሰቆጣ ሂድ» አለው፤ ቤተሰቡ ግን እህሉ እስኪሰበሰብ፣ ፍየሎቹ እስኪሸጡ ብሎ አራት ወር ቆየ። ሕመሙ ያው፣ ሐዘኑም ያው ነው። በሕግ ፊት ግን ባለሙያው የድርሻውን ተወጥቷል። የሁለቱ ታሪኮች ልዩነት አንዲት ወረቀት ናት።

ጉዳቱ በጥፋቱ ምክንያት መምጣቱን ማስረዳት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው በብብቱ ሥር የወጣው እብጠት ካንሰር ሳይባል በሐኪሙ ስሕተት ዘጠኝ ወር ዘገየበት። የመዳን ዕድሉ ከ100 ውስጥ ከ42 ወደ 25 እንደወረደ ተነገረ። ጉዳዩ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት ዳኞች በሁለት ተቃውሞ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ምክንያታቸው፣ ቀድሞም ቢታወቅ የመዳን ዕድሉ ከግማሽ በታች ነበር የሚል ነው። ከዚህ የምንማረው «ዘግይቷል» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቶሎ ቢታወቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር የሚያስረዳ የባለሙያ ቃል ያስፈልጋል።

የካሣው ነገርም ግልጽ ይሁንላችሁ። ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ የሕክምና ወጪ፣ የመጓጓዣ፣ የተቋረጠ ገቢ ይቆጠራል። ታማሚው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በአንቀጽ 2095 መሠረት ስለ ደረሰባቸው የኑሮ ጉዳት መጠየቅ ይችላሉ። ስለ ሐዘንና ስለ ኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. ተወስኗል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ባለጠጋ እሆናለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ካለ ገና ከበሩ ይመለስ።

ከሁሉ በላይ ልብ በሉ! ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)። ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ የወንጀሉ ይርጋ ሊያገለግል ይችላል፤ ከፍለው በታከሙበት የግል ክሊኒክ ላይ የሚቀርብ የውል ክስም የተለየ የጊዜ ገደብ አለው። ሆኖም በእነዚህ ተማምናችሁ አትቀመጡ። «ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?» የሚለው ራሱ ስለሚያከራክር፣ ከቀደመው ቀን ጀምሮ መቁጠር ይሻላል። ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ተዝካር ለሚያወጣ ዘመድ ስናዋጣ፣ «ዓመቱ ይለፍ» ስንል ጊዜው ያልፋል።

ፍርድ ቤት ብቸኛው በር አይደለም። የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ በፌዴራል ደረጃ ተቋቁሞ ሲሠራ ቆይቷል። ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባሉት ሦስት ዓመታት የቀረቡለት 60 ያህል አቤቱታዎች ተጠንተው ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ሞቱ ታካሚዎች የቀረቡ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከወሊድና ከማኅፀን ሕክምና ጋር የተያያዙ ነበሩ። እንዲህ ያለው አቤቱታ ብር አያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለሙያው እንዲታረም፣ ቀጣዩ ታማሚም እንዲተርፍ ያደርጋል። በክልል ደረጃ አቤቱታውን ይዛችሁ የምትሄዱት መጀመሪያ ወደ ተቋሙ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ ዞኑ ጤና መምሪያና ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ ነው።

ወንድም ወንድሙን ይከስሳልን?

እዚህ ላይ ብዙ ቅዱሳን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6ን ያነሣሉ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ያሉ ወንድሞች በትንሹም በትልቁም እርስ በርሳቸው በማያምኑ ዳኞች ፊት መካሰሳቸውን ገሥጿል። ተግሣጹ እውነት ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ይኸው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ፣ በስውር ውጣ ሲባል እምቢ ብሎ ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል (ሐዋ. 16፥37)። በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። የገረፉት ይገረፉልኝ አላለም፤ ጥፋቱ ግን ተሸፋፍኖ እንዲቀር አልፈቀደም። በቀልና ፍትሕ የተለያዩ ናቸው። በቀል የጎዳኝ ይጎዳ ይላል። ፍትሕ የተጎዳው ይካስ፣ የተሰበረው ይጠገን፣ ነገም ሌላ ሰው አይጎዳ ይላል።

በዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለውን የበሬውን ሕግ ተመልከቱ። በሬው ሳይታሰብ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ነጻ ነው። ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ይጠየቃል። በዚያው ምዕራፍ ሰውን የጎዳ ሰው ተጎጂው ሥራ ለፈታበት ጊዜ እንዲከፍልና እንዲያስታምመው ታዟል። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ ተነግሮታል። እግዚአብሔር አደጋንና ቸልተኝነትን ለይቶ የሚያይ አምላክ ነው። ኢትዮጵያዊ በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆመውም ሕግ ባለቤት እንዳለው ስለሚያውቅ ነበር።

ባለሙያው በእምነት ወንድማችን ወይም እኅታችን ቢሆንስ? ያን ጊዜ የማቴዎስ 18፥15-17 ሥርዓት ይቀድማል። በመጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር፣ ከዚያም በሽማግሌዎች ፊት። ብዙ ቤተሰብ የሚፈልገው ከገንዘብ ይልቅ እውነቱ እንዲነገረው ነው። ቀርቦ «አልላክሁትም፤ ልልከው ይገባ ነበር» የሚል ባለሙያ ክሱን ብቻ ሳይሆን መራራነትንም ይነቅላል። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ አማኞች ይህን አስቡበት። በዋግ የሚደረግ ሽምግልናም መልካም ነው። ሆኖም በእርቅ ስምምነት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈውን በሚገባችሁ ቋንቋ፣ ኽምጣንኛ ከሆነም በኽምጣንኛ፣ አስነብቡ። የፈረማችሁት እርቅ ኋላ የክሱን በር ሊዘጋ ይችላልና።

ሐኪሙም ሰው መሆኑን አንርሳ። በጦርነት በተዘረፈ ተቋም፣ በቀን ስንቱን ታማሚ እያየ የሚያድር ወጣት ጤና መኮንን የእኛ ጸሎት ያስፈልገዋል። ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደ ብሎታል (ቆላ. 4፥14)። ደሃ ስለሆንን ብቻ ይፈረድልን፣ ባለሥልጣን ስለሆነ ብቻ ይፈረድበት አንልም፤ ዘሌዋውያን 19፥15 ለደሃም ለባለጠጋም ማዳላትን ይከለክላል።

ስለ ጸሎት አንድ ነገር እንበል። ጌታ ይፈውሳል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጌታችን የፈወሳቸውን ለምጻሞች ወደ ካህን ሄደው እንዲታዩ ልኳቸዋል (ሉቃ. 5፥14፤ 17፥14)። የተፈወሰው ሰው ከተመረመረ፣ ያልተፈወሰውማ እንዴት አይመረመር! እጅ የምትጭኑ አገልጋዮች ሆይ፣ ከጸሎቱ በኋላ «ቀጠሮህ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ «ተፈውሰሃል፣ ሐኪም ቤት አትሂድ» ብላችሁ የዘገየውን ቀን የትኛውም ፍርድ ቤት አይመልሰውም።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

1. በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከቤተሰብ ጸሎት በኋላ፣ አንዳችሁ የአንዳችሁን አፍ በብርሃን እዩ። ምላስን ወደ ሁለቱም ጎን፣ ወደ ላይም አስነሥታችሁ ተመልከቱ። የአንገትን ግራና ቀኝ ዳስሱ። የሸመገሉ ወላጆቻችሁንም አትርሱ።

2. ቁስል ካያችሁ ቀኑን ጻፉ። መጽሐፍ ቅዱሳችሁ የኋላ ገጽ ላይም ቢሆን ጻፉት። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ቢያምም ባያምም ሂዱ።

3. ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ የሰማውን ሌላው ይረሳልና። የትዳር ጓደኛችሁ አማርኛ በደንብ የማይሰማ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ።

4. ለባለሙያው በትሕትና ግን በግልጽ «ከጀመረ ይህን ያህል ሳምንት ሆኖታል፤ በባለፈው መድኃኒት አልዳነም፤ ሪፈር ያስፈልገው ይሆን?» በሉት። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ለብዙ ባለሙያ እርዳታ ነው።

5. የሪፈር ወረቀት፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ደረሰኝና የጤና መድኅን ደብተር በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የናሙና ውጤት ሲሰጣችሁ ኮፒ አስደርጉ። ያለ ወረቀት የሚቀርብ ክስ በዝናብ እንደ ተዘራ ዱቄት ነው።

6. ሪፈር ከተጻፈላችሁ ቀን አትጨምሩ። የመጓጓዣ ገንዘብ ከቸገራችሁ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በዚያው ሳምንት ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደተባለ፣ ችግሩን የደበቀም ረዳት አያገኝም።

7. በደል ደርሶብናል ብላችሁ ካመናችሁ፣ በመጀመሪያ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቡ፤ ኮፒውን ማኅተም አስደርጉበት። የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከዚያም ሁለት ዓመቱን እያሰባችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል።

8. ክሱ ትዳራችሁን እንዳይበላው ተጠንቀቁ። ታማሚው በሕይወት ካለ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሕክምናውና የእናንተ ፍቅር ነው። ምላሱ ወይም መንጋጋው በቀዶ ሕክምና የተነካ ሰው መናገርና መመገብ ሊቸገር፣ መልኩም ሊለወጥ ይችላል። «በጤናም በሕመምም» ብላችሁ በጉባኤ ፊት የገባችሁት ቃል የሚፈተነው በዚያን ጊዜ ነው።

ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች

አንድ ስብከት፣ አንድ የቤት ኅብረት ጥናት ለዚህ ብትመድቡ ምን ትከስራላችሁ? በጉባኤያችሁ ውስጥ ነርስ አለች፣ ጤና መኮንን አለ፣ ሕግ የተማረ ወጣት አለ። ነርሷ የሦስት ሳምንቱን፣ ጠበቃው የሁለት ዓመቱን ያስተምሩ። ወደ ሩቅ ሆስፒታል ለተላከ ታማሚ የመጓጓዣ መዋጮ ሳጥን ይኑራችሁ። ከዋግ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከሁሉ የሚቸግረው ማደሪያ ነውና፣ በከተማ ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት በራችሁን ክፈቱ። ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ቢሆንም ሙስሊም ቢሆንም ይህን እርዳታ ከእኛ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ኃያል ዘመድ አልነበራትም፤ ገንዘብም አልነበራትም። ወደ ዳኛው ሳትታክት ትመላለስ ነበር፤ ጌታም መታከት የሌለበትን ጸሎት ያስተማረን በእርሷ ምሳሌ ነው። መጸለይና መብትን መጠየቅ በአንዲት ሴት ሕይወት አብረው ኖረዋል። በእናንተም ቤት አብረው ይኑሩ። ዛሬ ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ ባትሪውን አብሩና የትዳር ጓደኛችሁን «እስቲ አፍህን ክፈት፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ» በሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።